ሐረጎ ላይ የምትቆመው መኪና

ባለፈው ሰሞን ራሕመት ልጇን አስከትላ ደሴ፣ ሆጤ ሰፈር ያለው ቤቴ ድረስ መጣች። ልጅቱ ልታገባ ነው። ቬሎው ከአዲስ አበባ ተከራይቶ፣ በላስቲክ ተጠቅልሎ መጥቷል፤ ሲከፈት የሌላ ሙሽራ ሽቶ ሸተተን። «እትዬ አስቴር፣ እስቲ እርስዎ ይዩልኝ፤ ወገቡ ላይ ሰፋ አላለም?» አለችኝ። ዓይኔ በመርፌ ቀዳዳ ክር ማሳለፍ ካቆመ ቆይቷል፤ እጄ ግን አሁንም ወገብ አይስትም። ሁለት ጣት ይጥበብ አልኳት። ከዚያ ስለ መኪና ተነሣ። አምስት ነጭ መኪና ተከራይተዋል፣ ሁሉም አንድ ዓይነት፣ አንዱ ጣራው የሚከፈት፤ ቪዲዮ ቀራጩ በዚያ ብቅ ብሎ ያነሣል። ራሕመት ይህን ስትነግረኝ ቆየችና «ምነው የጋሽ ጌታሁን መኪና በኖረች» አለች። ልጅቱ «የቷ መኪና?» ብላ ጠየቀች። እኔና ራሕመት ተያየን። እነሱ ከሄዱ በኋላ ግን ብቻዬን ቁጭ ብዬ ያችን መኪና ከኮፈኗ እስከ ኋላ መብራቷ አሰብኳት።

አሜሪካ ሠራሽ ነበረች። መንገድ ሊሠሩ የመጡ ፈረንጆች ጥለዋት ሲሄዱ በስንት እጅ ተላልፋ ታላቅ ወንድሜ ጌታሁን ዘንድ ደረሰች። ቀለሟ ውሃ ሰማያዊ ሆኖ ጣራዋ ነጭ ነው። ከፊት ያለው መቀመጫ አንድ ወጥ ሶፋ ስለነበረ ሹፌሩን ጨምሮ ሦስት ሰው ተመችቶት ይቀመጥበታል፤ ቀጭን ከተገኘ አራትም ያስኬዳል። በሯ ሲዘጋ ድምፁ የቁም ሣጥን ነው እንጂ የመኪና አይመስልም። ያን ጊዜ መንግሥት ተለውጦ ጥቂት ዓመት ሆኖታል። ሻይ በስሙኒ የሚጠጣበት ዘመን ወደ ማለቂያው ነበር፤ ቤንዚንም ሰው እሑድ ከሰዓት ሐይቅ ድረስ ሄዶ ዓሣ በልቶ ለመመለስ ሁለት ጊዜ የማያስብበት ዋጋ ነበረው። ፒያሳ ያሉት ካሴት ቤቶች ድምፅ ማጉያቸውን ደጅ አውጥተው ይፎካከራሉ፤ አንዱ መንዙማ፣ አንዱ ዘፈን፣ አንዱ ደግሞ በፊት በሹክሹክታ ይዘመር የነበረውን የእኛን የጴንጤዎቹን መዝሙር ይለቃል። በባቲ በኩል የሚገባው ጨርቅ ገበያውን አጥለቅልቆት ነበር። ሳቴን፣ ዳንቴል፣ ሲነኩት የሚንሸራተት ሐር መሳይ ነገር ሁሉ በትከሻ ተጭኖ ይመጣል። እኔ ልብስ ሰፊ ነበርኩ፤ የደሴን ሴት ሁሉ በልኬቷ አውቃት ነበር ብል አልዋሸሁም። ፊቷን ረስቼ ትከሻዋን የማስታውሳት ብዙ አለች።

ጌታሁን የብረታ ብረት ሱቅ ነበረው። በቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ነው፤ ጸሎቱ ረዥም፣ ጨዋታው አጭር። አንድ ድክመት ቢኖረው ያች መኪና ነበረች። እሷንም ቢሆን ለራሱ አያንደላቅቅባትም፤ ሙሽራ ያመላልስባታል። ያን ጊዜ የደሴና የኮምቦልቻ ሙሽራ፣ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም፣ በጌታሁን መኪና ካልሄደ ያገባ አይመስለውም ነበር። የክርስቲያን ሰርግ ሲሆን የራሱን መዝሙር ይከፍታል። የሙስሊም ሲሆን ከመካኒኩ ከሰይድ የመንዙማ ካሴት ይዋሳል፤ ሲመልስለትም ወደ መጀመሪያው አጠንጥኖ ነው። ክፍያ ብዙም አይጠይቅም። ሰው «ማሻአላህ፣ ምን ዓይነት መኪና ናት!» ሲል መስማት ይበቃው ነበር። ይህን በሰንበት ሲሰብክ ከንቱ ውዳሴ ነው ይል ነበር፤ መሪ ሲይዝ ግን ይረሳዋል።

አሁን ስለ ዲስትሪቢዩተሩ መናገር አለብኝ፤ ነገሩ ሁሉ የመጣው በእሱ ነው። ለማያውቅ ሰው፣ ዲስትሪቢዩተር ማለት ኮፈኑ ሲከፈት ሽቦዎች እንደ ፀጉር የበቀሉበት ጥቁር ክዳን ያለው ዕቃ ነው። ቤንዚኑን የሚያቀጣጥለውን እሳት ለስምንቱ ካንዴላ በየተራ ያድላል። ውስጡ ፑንቲና የሚሏቸው ጥፍር የሚያካክሉ ሁለት ብረቶች አሉ፤ ሲነካኩና ሲላቀቁ ነው እሳቱ የሚወለደው። ፑንቲና ያልቃል፣ ይጠቁራል፣ የደሴ ጉም ሲገባበት ደግሞ ያኮርፋል። ሰይድ በክብሪት ቤት ጎን ሞረድ ሞረድ አድርጎ፣ ክፍተቱን በሲጋራ ፓኮ ካርቶን ለክቶ ያስታርቀዋል። ከዚህ ሌላ የጌታሁን መኪና የራሷ አመል ነበራት። እሳቱን ከፍጥነቱና ከሸክሙ ጋር እንዲያስማሙ የተሠሩት ክብደቶች ዲስትሪቢዩተሩ ውስጥ ዝገው ተጣብቀው ነበርና፣ ለደሴ ብርድ የተስተካከለች እንደሆነ ኮምቦልቻ ሙቀት ውስጥ ትንኳኳለች፤ ለኮምቦልቻ የተስተካከለች እንደሆነ ዳገቱን ስትወጣ ትንፋሽ ያጥራታል። ስለዚህ ሲወርድም ሲወጣም ጌታሁን በደሴና በኮምቦልቻ መካከል ባለው የሐረጎ ዳገት ላይ፣ አንዲት የታወቀች መታጠፊያ ጋ ይቆማል። ኮፈኑን ይከፍታል፣ ከዲስትሪቢዩተሩ ሥር ያለችውን ብሎን ያላላል፣ ዕቃውን በአውራ ጣቱ ትንሽ ያዞረዋል፣ መልሶ ያጠብቃል። ለቆላ ወደዚህ፣ ለደጋ ወደዚያ። ይህን ሳያደርግ ሐረጎን አልፎ አያውቅም። ሙሽራም ብትኖር፣ ሬሳም ቢጫን፣ መኪናዋ እዚያች መታጠፊያ ላይ ትቆማለች፤ ይህን ከሐርቡ እስከ ደሴ የማያውቅ ሹፌር አልነበረም።

ከመታጠፊያዋ በታች የእትዬ ዘሀራ ቤት ነበር። መኪናዋ ስትቆም እትዬ ዘሀራ ጀሪካን ውሃ ይዛ ትወጣለች። «አማን ናችሁ? ቤቱ ሁሉ ደህና?» ትላለች፤ ውሃዋን ለራዲያተሩ ትሰጣለች፣ ገንዘብ ቢሰጧት አትቀበልም። ረዥም፣ ጠይም፣ አንገቷ ቀጥ ያለ ሴት ነበረች፤ አንድ ጊዜ ቀሚስ ሰፍቼላት እንደ ሻማ ቀጥ ያለ ቁመና ነው ብያለሁ። እትዬ ዘሀራ የሰይድ የሟች ሚስቱ እህት ናት። የሰይድ ልጅ ራሕመት ገና ጡት ሳትጥል እናቷ ስትሞት ልጅቱን ያሳደገቻት እሷ ነች። ራሕመትም «እማ» ስትል እሷን ማለቷ ነው። ሰይድ ግን ዓመት ሳይሞላ ሌላ አገባ፤ ልጅቱ ለትምህርት ስትደርስም ኮምቦልቻ አወረዳት። ያን ዕለት እትዬ ዘሀራ ሰው በተሰበሰበበት «ወላሂ! የሰይድን ደጅ አልረግጥም፣ ድግሱንም አልቀምስም!» ብላ ማለች። ስንት ዓመት ሽማግሌ ተመላለሰባት። ሼሆቹ ጦመሽ መሐላሽን አውርጂ፣ ሸሪዓው ይፈቅድልሻል አሏት። «መሐላ ቀሚስ ነው እንዴ ሲያጠበኝ የማወልቀው?» አለቻቸው። እኔ በሙያዬ ምክንያት ይህን ንግግር ወድጄላት ነበር።

ራሕመት ለደሴ ልጅ ታጭታ የሰርጉ ቀን ሲቆረጥ ጭንቋ አንድ ብቻ ነበር። ሰርጉ በአባቷ ቤት ነው፤ እትዬ ዘሀራ አትመጣም። ያሳደገቻት ሴት ሳትመርቃት ደግሞ የባሏን ደጅ መርገጥ አልሆነላትም። «ሳልመረቅ የወጣሁ ልሁን?» እያለች አለቀሰች። በመጨረሻ ሐረጎ ድረስ ሄዳ ለመነቻት። እትዬ ዘሀራ የሰጠቻት መልስ ይህ ነበር፦ «እኔ መሐላዬን አላፈርስም። ግን ደጄ ላይ የቆመ እንግዳ አላባርርም። የጌታሁን መኪና እንደ ልማዷ ከቆመች እንደ ልማዴ ውሃዬን ይዤ እወጣለሁ፤ ያኔ ዱዓ አደርግልሻለሁ። ለእኔ ተብሎ ከቆመች ግን፣ ወላሂ፣ አልወጣም። ለማንም እንዳትናገሪ።» ራሕመት ለአባቷ ብቻ ነገረችው። ሰይድም ደስ አለው፤ መኪናዋ እንደሆነች በራሷ ትቆማለች፣ ማንም ማንንም መለመን የለበትም። እኔና ጌታሁን ግን ይህን አናውቅም ነበር። እኔ የሰማሁት ከሰርጉ በኋላ ከራሕመት አፍ ነው።

በዚያው ክረምት ጌታሁን ላይ ክፉ ነገር ደርሶበት ነበር። አንዲት የቦሩ ሜዳ ሙሽራ ይዞ ሲሄድ ዝናብና ጉም ፑንቲናውን አረጠበውና መኪናዋ መንገድ መሐል ቀጥ አለች። ቢሞርዱት፣ ቢያደርቁት፣ ቢገፏት እምቢ። ሙሽራዋን በጭነት መኪና ጋቢና ጭነው ወሰዷት፤ ነጭ ቀሚሷ ላይ የናፍጣ እድፍ አረፈበት። ቀሚሱን የሰፋሁት እኔ ስለነበርኩ ወሬውን ከማንም ቀድሜ ሰማሁ። በየቡና ቤቱ «የጌታሁን መኪና ገድ የላትም» ተባለ። የሙሽራ መኪና መንገድ ላይ ቀረ ማለት በእኛ አገር ትንሽ ነገር አይደለም። ሐረጎ ላይ መቆሟማ የታወቀ ስለሆነ ማንም እንደ መቆም አይቆጥረው ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ግን እሱንም ማንሣት ጀመሩ። ጌታሁን ምግብ አልበላ አለ። በመጨረሻ አዲስ አበባ ሄዶ፣ ያገለገለ የመኪና ዕቃ ከሚሸጥበት ሰፈር፣ ፑንቲና የሌለው አዲስ ዓይነት ዲስትሪቢዩተር ይዞ መጣ። በአውቶቡስ ጉልበቱ ላይ አቅፎት ነው የመጣው። ቤት እንደገባ «አስቴር፣ የተረፈ ሳቴን አለሽ?» ብሎ ጠየቀኝና ዕቃውን በሙሽራ ቀሚስ ቁራጭ ጠቀለለው። እኔም «በል ሚዜ ፈልግለት» አልኩት። አልሳቀም።

ሰይድ ዘንድ ኮምቦልቻ ስንወስድለት እኔም ነበርኩ፤ የራሕመትን ልኬት ልወስድ ሄጄ። የሰይድ ጋራዥ በቦርከና ዳር ከአንድ ትልቅ ዋርካ ሥር ነበር። ሰይድ ዕቃውን ከሳቴኑ አውጥቶ ክዳኑን አነሣ፣ ውስጡን አየ፣ ዘጋው።

«ፑንቲናው የታል?»

«የለውም። በማግኔት ነው የሚሠራ። የሚነካካ ነገር የለም፣ የሚያልቅም የለም። እሳቱን ከፍጥነቱና ከሸክሙ ጋር ራሱ ያስማማል። ከእንግዲህ ሐረጎ ላይ መቆም ቀረ!» አለ ጌታሁን።

ሰይድ ለረዥም ጊዜ እጁን በጨርቅ ጠረገ። «ወንድሜ ጌታሁን፣ ከሰርጉ በኋላ እንግጠመው።»

«ለሰርጉ ብዬ አይደለም እንዴ ያመጣሁት? ለልጅህ!»

«አብሽር፣ ይደርሳል። አዲስ ዕቃ ለሰርግ ቀን አይሆንም። የለመደችውን አትንካባት። እኔ ፑንቲናውን አዲስ አድርጌ አሰናዳልሃለሁ፤ ሐረጎ ላይ እንደ ልማዷ ቆም ትበል፣ ምን ይጎዳል?»

ጌታሁን በመንገዱ ሁሉ አጉረመረመ። ሰይድ አርጅቷል፣ አዲስ ነገር ፈርቷል፣ የለመደው ፑንቲና እንዳይቀርበት ነው አለ። ሰው የማያውቀውን ነገር በዚህ መልክ ነው የሚተረጉመው፤ እኔም ልክ ነው ብዬ አብሬው ነቀነቅኩ። ከዚያ በኋላ የሆነው ከፍቅር የመጣ ነው። ጌታሁን ሰይድን ሊያስደንቀው አሰበ። የሰይድ ልጅ፣ ስሟ ያን ያህል የጠፋ መኪና ውስጥ ተቀምጣ፣ ሐረጎን አንዴም ሳትቆም ብትወጣ ከዚህ የበለጠ ስጦታ ምን አለ? ስለዚህ ለሰይድ ሳይነግር ደሴ ሸዋ በር አካባቢ ላለ ሌላ መካኒክ ሰጣት። የመጀመሪያ ቀን አልነሣም አለች። መካኒኩ ሲፈልግ ውሎ ምክንያቱን አገኘው። ከቁልፉ የሚመጣው አሮጌ ሽቦ፣ ፑንቲናው እንዳይቃጠል ተብሎ፣ ኃይሉን እየቀነሰ ነበር የሚያደርሰው፤ አዲሱ ዕቃ ግን ሙሉውን ይፈልጋል። አዲስ ሽቦ በቀጥታ ዘረጋለትና ቁልፉን ሲያዞር መኪናዋ ገና ሳይጨርስ ተነሣች። ድምፅዋን ያልሰማ አያምነኝም። ያ ሁሉ ዓመት የሚያስላት መኪና ጉሮሮዋ ተጠርጎ ዝም ብላ ማንጎራጎር ጀመረች። ጌታሁን ኮፈኑ ላይ እጁን ጭኖ ዓይኑን ጨፈነ፤ እየጸለየ ይሁን እየሰማ አላውቅም።

የሰርጉ ቀን ሰማዩ ጠርቶ ነበር። ከሙሽራው አጃቢዎች ጋር በጠዋት ወደ ኮምቦልቻ ወረድን፤ ጌታሁን ቁልቁለቱ ላይም አልቆመም፤ በዚያ ሰዓት እትዬ ዘሀራ ከብት ልታሰማራ ሄዳ ስለነበር አላየችንም። ሰይድ ድግሱ ላይ ተጠምዶ ኮፈን የሚከፍትበት ጊዜ አልነበረውም። ራሕመት የለበሰችው ከባቲ በመጣ ወተት ቀለም ሳቴን የሰፋሁላትን ነው፤ እጅጌው እስከ አንጓዋ ረዥም፣ አንገቱ ዝግ፣ ደረቱ ላይ በእጄ የሠራሁት ዳንቴል። ከዚያ በኋላ ብዙ ሰፍቻለሁ፤ እንደዚያ ያማረልኝ ግን የለም። ፊቷ በስስ ጨርቅ ተሸፍኖ ከኋላ በሙሽራውና በአንደኛው ሚዜ መካከል ተቀመጠች። እኔ ከፊት፣ ቀሚሱን ለመጠበቅ፣ በጌታሁንና በሁለተኛው ሚዜ መካከል። ሙሽራ በመንገድ አትናገርም፤ ራሕመትም ትንፍሽ አላለችም። የመንዙማው ካሴት ተከፈተ። ሦስት የአጃቢ መኪና ከኋላችን ጥሩምባ እያስጮኸ ተከተለን።

ዳገቱ ተጀመረ። የጌታሁን ፊት በመስታወቱ ይታየኛል፤ ሃምሳ ዓመት የሞላው ሰው አይመስልም ነበር። መኪናዋ አልተንኳኳችም፣ አልተንተባተበችም። ያች የታወቀች መታጠፊያ መጣች። ሁለተኛው ሚዜ ልማዱን ስለሚያውቅ «በሉ እግር እናፍታታ» ብሎ የበሩን እጀታ ያዘ። ጌታሁን ግን ፈገግ ብሎ ማርሽ ለወጠና ነዳጅ ጨመረ፤ ጥሩምባውንም ሁለት ጊዜ አስጮኸ። ያኔ እትዬ ዘሀራን አየኋት። አዲስ ቀሚሷን ለብሳ፣ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ጀሪካኗን ይዛ ከመንገዱ ዳር ቆማለች። ልብሷ ነው መጀመሪያ ዓይኔ የገባው፤ ውሃ ለመስጠት የሚለበስ ልብስ አልነበረም። በአጠገቧ ነፋስ ጥለንባት አለፍን። ጀሪካን ያልያዘው እጇ ትንሽ ከፍ ብሎ ቀረ።

ከኋላ «እማ!» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ከዚያ «አቁሙ! በአላህ አቁሙልኝ!»

አንደኛው ሚዜ ደነገጠ። «ኧረ ዝም በይ፣ ሙሽራ መንገድ ላይ ትናገራለች እንዴ? ደግሞ የሙሽራ መኪና ወደ ኋላ አይመለስም።»

«አልተመረቅሁም» አለች። ማልቀስ ጀመረች። የሰፋሁት ዳንቴል ከፍ ዝቅ ሲል ታየኝ፤ ልቤ ተሰበረ።

ጌታሁን በመስታወቱ ተመለከታት። የእትዬ ዘሀራን መሐላ ደሴና ኮምቦልቻ ያልሰማ ሰው አልነበረም። ሰይድ «እንደ ልማዷ ቆም ትበል» ያለው ለምን እንደሆነ ያኔ ገባው። ይህን የማውቀው ጆሮው ሲቀላ ስላየሁ ነው። ሴትዮዋ መኪና ለእሷ ሲቆም እሺ የምትል እንዳልሆነችም ያውቃል። ቀጣዩ መታጠፊያ ላይ፣ ከእትዬ ዘሀራ ቤት የሚወጣው አቋራጭ መንገድ አስፋልቱን በሚቆርጥበት ቦታ ስንደርስ፣ የጌታሁን እጅ ከመሪው ወደ ቁልፉ ሲሄድ አየሁት። ቁልፉን አጠፋው። ሞተሩ ዝም አለ፤ መኪናዋ ወደ መንገዱ ዳር ተንፏቅቃ ቆመች።

«በቃ፣ ቆመች» አለ ጌታሁን፣ ማንንም ሳያይ።

ወርዶ ኮፈኑን ከፈተ። ከኋላ የነበሩት መኪኖች ደርሰው ጥሩምባቸው አካባቢውን አናወጠው። የሙሽራው አጎት፣ ጀለቢያ የለበሱ ወፍራም ሰውዬ፣ ወርደው እየተንጎማለሉ መጡ። «አላልኳችሁም? ይቺ መኪና ገድ የላትም አላልኳችሁም? ያረቢ! የልጃችንን ቀን አበላሻችሁት!» ጌታሁን ራሱን ኮፈኑ ሥር ቀበረ። አንድ ቃል ቢናገር፣ መኪናዋ ጤነኛ ናት፣ እኔ ነኝ ያጠፋኋት ቢል፣ ስሙ ይጸዳ ነበር። ሰውዬው ሲሰድቡት አንድ የማይፈታ ብሎን ይዞ ይታገላል።

ከአቋራጩ እትዬ ዘሀራ ብቅ አለች። ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ ይላል፤ ያች ቀጥ ያለች አንገቷ ግን እንደተለመደው ናት። «አማን ናችሁ? ምነው ዛሬ እዚህ ድረስ ወስዳ ጣለቻችሁ?» አለች። ጀሪካኗን ለጌታሁን ሰጥታ ወደ ኋላው መስኮት ሄደች። ራሕመት ፊቷን ገልጣ ወደ መስኮቱ ተጠጋች። እትዬ ዘሀራ መዳፏን በራሕመት ራስ ላይ ጭና ዱዓ ጀመረች፤ አላህ ትዳርሽን ያጽናልሽ፣ ወልደሽ ሳሚ፣ የገባሽበት ቤት ይሙላ፣ እያለች። አጎትየው ስድባቸውን አቋርጠው «አሚን» አሉ፣ ሚዜዎቹ «አሚን» አሉ፣ እኔም አልኩ። ከኮፈኑ ሥርም አንድ ወፍራም «አሜን» ተሰማ። ራሕመት እጇን ስማ ለቀቀቻት።

እትዬ ዘሀራ ስትመለስ ጌታሁን አጠገብ ቆማ ሞተሩን አየች። «ልጄ፣ ይቺ መኪናህ አሁንም አልተሻላትም?»

«አልተሻላትም፣ እትዬ ዘሀራ» አለ።

«አብሽር፣ አላህ ይጠግንልህ» ብላ በመጣችበት አቋራጭ ወረደች።

መኪናዋ በአንድ ቁልፍ ተነሣች፤ ደሴ እስክንገባ አንዴም አላሳለችም። ይህን ግን ማን ያይለታል! አጎትየው በሳምንት ውስጥ ለደሴ ሁሉ አወሩት። ከራሕመት በኋላ በዚያች መኪና የሄደ ሙሽራ የለም። ወዲያው ደግሞ ነጫጭ መኪና የሚያከራዩ ሰዎች መጡና የጌታሁን መኪና ከነስሟ ተረሳች። ሰይድ ወሬውን ሰምቶ ደሴ መጣ። ኮፈኑን ሲከፍት አዲሱን ዲስትሪቢዩተር አየ፤ ገና ወዙ ያልለቀቀ፣ ሽቦው በሥርዓት የታሰረ። ከዚያ ኮፈኑን ዘግቶ ጌታሁንን አቅፎ ትከሻው ላይ ራሱን አስደገፈ፤ ሁለቱም ጎረምሶች አይደሉም፣ አይቼ አፈርኩላቸው፣ ደስም አለኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰይድ ጋራዡ የሚመጣ ሰው ስለ መኪናዋ ሲጠይቀው «ሐረጎ ላይ የቆመችው በእኔ ጥፋት ነው፣ ፑንቲናውን አላጠበቅሁትም» ይል ነበር። በዚህም የመካኒክ ስሙ ጥቂት ቀነሰ።

እትዬ ዘሀራ መኪናዋ ለእሷ ተብሎ እንደቆመች ብትሰማ መሐላዋ እንደፈረሰ ትቆጥረዋለች፤ ያ ዱዓም ልቧ ላይ ይጎመዝዛል። ስለዚህ ጌታሁን ከዚያ ወዲያ ስንት ዓመት ሐረጎ ሲደርስ ያችን መታጠፊያ ሳይቆም አልፎ አያውቅም። ብቻውን ቢሆን፣ ዝናብ ቢሆን፣ ይቆማል። ኮፈኑን ይከፍታል፣ ምንም የማያስፈልገውን ብሎን ይነካካል፣ እትዬ ዘሀራ ውሃዋን ይዛ ትወጣለች፣ አማን ናችሁ ትላለች፣ «አልተሻላትም?» ትላለች፣ «አልተሻላትም» ይላታል። አንዳንዴ አብሬው ስሆን ሳቄን ለመያዝ ወደ ገደሉ ዞሬ እቆም ነበር።

እትዬ ዘሀራ በአንድ በጋ ወራት ሞተች። ቀብሯ ላይ ሰይድም ነበረ፤ ደጇ ላይ ቆሞ እንግዳ ተቀበለ። ማንም ምንም አላለውም። ቀብሩ አልቆ እኔና ጌታሁን ወደ ደሴ ልንመለስ መኪናዋን አስነሥተን ጥቂት እንደሄድን ያች መታጠፊያ ላይ ደረስን። ጌታሁን ወደ ዳር አወጣና ቁልፉን አጠፋ። ወርዶ ኮፈኑን ከፈተ።

ወርጄ አጠገቡ ቆምኩ። «ጋሼ፣ አሁን እኮ ማንም አያይህም» አልኩት።

«አውቃለሁ» አለኝ። ኮፈኑን ግን ቶሎ አልዘጋውም።